ላም ያልነበረው ካውቦይ

ወንድሜ በሞተ በማግስቱ የእድራችን ሊቀመንበር ደውሎ የሕይወት ታሪኩን እንድጽፍ አዘዘኝ። አዘዘኝ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሰውዬው የጭነት መኪና ነጂ ስለሆነ የሚደውለው እየነዳ ነው፤ ማዘዝ እንጂ ማማከር አያውቅም። “መጻሕፍት የሚያነቡት እርስዎ ነዎት፣ እትዬ፤ ሾርት አድርገው ይጻፉት፣ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ” ብሎ ዘጋው። እኛ ዘንድ ሰው ሲቀበር የት እንደተወለደ፣ ምን እንደሠራ፣ እነማንን ትቶ እንደሄደ አንድ ሰው ቆሞ ያነባል። ለዚያ ነው።

ችግሩ፣ ወንድሜ ራሱ ከሊቀመንበሩ ቀድሞ አዞኝ ነበር። ከመሞቱ ሁለት ወር በፊት፣ ኮሎምበስ ከተማ ኢስትሙር ሰፈር ካለው ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ “የኔን የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ካውቦይ ነበር የምትለዋን እንዳትዘልያት” አለኝ።

“ጋሼ፣ ካውቦይ እኮ ከብት የሚጠብቅ ሰው ነው። አንተ የጠበቅከው ላም የታለ?” አልኩት።

ሳቀና ባርኔጣውን ዐይኑ ላይ ደፋው። ቃል አልገባሁለትም። ጉዳዩ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ደግሞም ያልሆነውን ሆነ ብዬ አልጽፍም።

ነገሩ የጀመረው አዲስ አበባ ነው። ፖሊስ ሳለ ምድቡ አንድ ሲኒማ ቤት በር ላይ ነበር። ሕዝቡ ገብቶ እስኪያልቅ ሰልፍ ያስከብራል፣ ከዚያ በጨለማው ገብቶ ከኋላ ይቆማል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያየው የካውቦይ ፊልም አንድም የለም። ማን ማንን በምን እንደበደለ አያውቅም፤ የሚያውቀው አክተሩ አለመሞቱንና ፈረሱ ላይ ወጥቶ መሄዱን ብቻ ነው። እኔ መቅድሙን ያላነበብኩት መጽሐፍ ውስጥ አልገባም። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ከእሱ ጋር አንድ ቤት ስንኖር፣ ቴሌቪዥኑ ፊት የምንጣላው በዚህ ነበር። ሰዎቹ ለምን እንደሚታኮሱ ስጠይቀው፣ “እሱን ተዪው፤ ፈረሱን እይው” ይለኛል።

አሜሪካ መጥቶ ኮሎምበስ ብዙ ሥራ ቀያይሮ በመጨረሻ ፍርድ ቤት ጥበቃ ገባ። ደረቱ ላይ ኮከብ ያለበት ባጅ አደረጉለት፤ በቃ። አገር ቤት ላለ ዘመድ ሁሉ ሸሪፍ ሆንኩ ብሎ ደወለ። ሥራው ዳውንታውን ብረት መፈተሻው በር አጠገብ ቆሞ ሰው ቀበቶውን እንዲፈታ ማዘዝ ነበር። ጡረታ እስኪወጣ እሱኑ ሠራ። እዚያም በር ጠባቂ፣ እዚህም በር ጠባቂ ሆነህ ቀረህ ስለው፣ እዚህ ግን ኮከብ አለኝ ብሎ መለሰልኝ።

ጡረታ ሲወጣ ባሰበት። ባርኔጣው ሦስት ሆነ። የቀበቶው ዘለበት የሻይ ማስቀመጫ ሰሃን ያህላል። አንድ ቅዳሜ ኢስተን የሚባለው የገበያ ማዕከል ጫማ ልንገዛ ሄደን፣ አንዲት ሴት ሱቁ ለማስታወቂያ የቀጠረው መስሏት ከልጆቿ ጋር ፎቶ እንዲነሳ ጠየቀችው። እንደሷ ያሰበ ሌላም ሰው መጣ። ተሰልፈው ሲነሱ እኔ ከረጢት ተሸክሜ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ሰዎቹን አላረመም።

ከዚያ ፈረስ ገዛ። ያረጀ ፈረስ፤ ከከተማ ወጣ ብሎ የሰው ፈረስ በሚያሳድር ጋጣ ውስጥ አስቀመጠው። ሁለቱም መሮጥ አይወዱም ነበር። ኮርቻው ላይ ይወጣል፣ አጥሩ ድረስ ይሄዳሉ፣ ቆመው የሰው አኩሪ አተር ማሳ ያያሉ፣ ይመለሳሉ።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት በዚያው ዓመት ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩትን በአርባ ስድስት ዓመቴ ልቀጥል ስል መኪና መንዳት አልችልም ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የሚያደርሰኝ እሱ ነው። ፈረሱን አብልቶ ሳይታጠብ በቀጥታ ከጋጣው ይመጣል። ፒክአፑ ውስጥ የፈረሱ ድርቆሽ ሣር የሌለበት ቦታ የለም። የሒሳብ መጽሐፌን ስገልጥ ድርቆሽ ይረግፋል፤ አስተማሪዬን ያስነጥሳታል፤ እኔ በእንግሊዝኛ ይቅርታ መጠየቅ የተማርኩት በእሱ ሰበብ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከመኪናው አልወርድም አልኩ። የሚገቡት ሁሉ ልጆቼ የሚሆኑ ናቸው፤ ነገ ይሁን፣ ዛሬ አሞኛል አልኩት። ሞተሩን አጠፋ። “ካውቦይ ምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ? ከብቱ በሩን አልፎ እስኪገባ ይቆማል። ትቶ አይሄድም” አለኝ።

“እና እኔ ከብት ነኝ?”

እኛ ቤት ከብት ማለት ፊደል ያልገባው ሰው ማለት ነው። ይህን ስም በልጅነቴ ጠግቤዋለሁ። በሩን በኃይል ወርውሬ ዘግቼ፣ ዞር ብዬ ሳላየው ገባሁ። ስወጣ እኩለ ቀን ሆኗል፤ እዚያው ቦታ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኝቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ቆመ። ቤት ሄደህ ተመለስ ስለው፣ ጥበቃ ላይ ነኝ ይለኛል። የክፍሌ ልጆች ምን ዓይነት ሰው ብትሆን ነው ጠባቂ ያላት ይባባሉ ነበር። ያቺን ቃል ግን አልተውኩለትም፤ የምስክር ወረቀቴን ተቀብዬ ስወጣ እንኳ አላመሰገንኩትም።

የጻፍኩትን አንድ ገጽ ለሊቀመንበሩና ለወንድሜ ልጅ ላክሁ። ጡረታቸውን በፈረስ ፍቅር አሳለፉ ብዬ ዘግቼዋለሁ። መጀመሪያ የደወለችው ልጁ ናት። ካውቦዩ የታለ አለችኝ። እውነት እንዳልሆነ፣ አማርኛም እንዳልሆነ አስረዳኋት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ “አክስቴ፣ ጀስት ሴይ ካውቦይ” አለች።

ሊቀመንበሩ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካውቦይ አይባልም፣ የግድ ከሆነ በአማርኛ ይሁን አለ። ተቀምጬ ሞከርኩ። ከብት ጠባቂ ብዬ ጻፍኩ፤ በእውነት ከብት ያላቸው ሰዎች ቢሰሙ ይታዘቡናል። ፈረሰኛ ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረሱም ያፍራል። እረኛ የሚለውን በስልክ ሳነብለት ሊቀመንበሩ ደነገጠ።

“መልካም እረኛ ነበሩ ሲባል ሕዝቡ ቄስ ነበሩ እንዴ አይልም? ጋሼ እኮ ረቡዕ እንኳ አይጾሙም ነበር፣ እትዬ።”

እውነቱን ነው። ተውኩት። በፈረስ ፍቅር አሳለፉ የሚለው እንዳለ ይሁን ብዬ ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

የቀብሩ ዕለት ቆሜ አነበብኩ። ፖሊስነቱን አነበብኩ፣ ፍርድ ቤቱን አነበብኩ። ጡረታ ከሚለው ቃል ስደርስ፣ በወረቀቱ እጥፋት ውስጥ የገባች አንዲት የድርቆሽ ሰበዝ አየሁ። እሱን ካስታመምኩባቸው ወራት ጀምሮ ቦርሳዬን ስንቴ አራግፌዋለሁ። እንዲህ ነው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሲያናድደኝ የኖረው።

“ካውቦይ ነበሩ” ብዬ አነበብኩ፤ ወረቀቱ ላይ የለም። ሊቀመንበሩን ሳል ያዘው። ልጁ እያለቀሰች ሳቀች።

አዳራሹ ውስጥ ምሳ ስንበላ፣ ድሮ አብረውት ፖሊስ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። እስኪጎርሱ ጠበቅኋቸው።

“ይኼን ሁሉ ዘመን ሳውቀው ከብት እንዳለው አልነገረኝም። ስንት ነበሩት?” አሉኝ።

“አንድ” አልኳቸው።

አላምጠው እስኪውጡ አሰቡበት።

“ለአንድ ከብት ነው እንዴ ያ ሁሉ ባርኔጣ?” አሉኝ።