ያላነበብኳት አንቀጽ

ባለፈው ሳምንት መታወቂያ ላሳድስ ሄጄ ጸሐፊዋ የማኅተሙን ቀለም ክዳን ስትከፍት ሽታው አፍንጫዬ ገባ። ወረቀቴን ሳልቀበል ወጥቼ ደጅ ቆምኩ። ወዳጄ፣ ምክር ቤት እንዴት እንደገባህ ንገረኝ ስትለኝ አልነበር? በዚያ ቀለም ነው የገባሁት።

ያን ጊዜ ደባርቅ አስተምር ነበር። ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ገበሬ ማመልከቻ የሚጽፍለት ሲያጣ ወደ እኔ ይመጣል፤ ወሰን የተገፋበትም፣ ፍርድ የተጓደለበትም። ዋጋ አልጠይቅም ነበርና ስሜ እስከ በየዳ ተሰማ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሰው መርዳት ደስ ይለኝ ነበር። መወደስ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኝ ነበር።

ይህችን ድክመቴን ቀድሞ ያያት አንድ ካድሬ ነው፤ ሲያናግርህ ክንድህን የሚይዝ ዓይነት ሰው። ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ለክልሉ ምክር ቤት ዕጩ ሊያደርገኝ እንዳሰበ ነገረኝ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንድጨርስለት ፈለገ። አባቴ ዳዊት የሚያስተምሩበት መንደር ከሳንቃ በር መንገድ ወጣ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ሰዎቹ የግጦሽ ሜዳቸውን ለዋልያው ፓርክ እንዲለቁ ሁለት ጊዜ ተጠይቀው አንፈርምም ብለው ነበር፤ እኔ አንብቤላቸው እንዲፈርሙ ነው የፈለገው።

ወረቀቱ ሁለት አንቀጽ ነበረው። የመጀመሪያው ሜዳው ለሦስት ዓመት ከከብት እንዲያርፍ ይላል። ሁለተኛው ከዚያም በኋላ ለመንደሩ እንደማይመለስ ይላል። ካድሬው ክንዴን ይዞ፣ "ሁለተኛዋን ተዋት፤ ገበሬን በዝርዝር ማስጨነቅ ምን ያደርጋል?" አለኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ደጀ ሰላሙ ላይ ተሰበሰበ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ የረጠበ ጋቢ ይሸታል፣ ጭጋጉ ከገደሉ ሥር እየወጣ የጽዱን ጫፍ ይሸፍናል። አባቴ ዓይናቸውን ሞራ ከሸፈነው ቆይቷል፤ ተማሪ የሚያርሙት በጆሯቸው ነበር። ተማሪ መስመር ሲዘል ትንፋሹ ይለወጣል ይላሉ። ያኔ መቋሚያቸውን ድንጋዩ ላይ አንዴ ቋ ያደርጉታል፤ ተማሪውም ተመልሶ ያነባል። እኔም የተማርኩት እንዲያ ነው።

የመጀመሪያውን አንቀጽ ጥርት አድርጌ አነበብኩ። ከዚያ ሁለተኛውን አልፌ ግርጌው ላይ ወዳለው ቀን ሄድኩ። መቋሚያው ድንጋዩን መታ። የድሮ ተማሪዎቻቸው የነበሩ ጥቂት ሰዎች ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ግን አነበብኩ፣ ጨረስኩ።

የመንደሩ ትልቅ ሽማግሌ ተነሡ። "የየኔታ ልጅ፣ ያለው ይኸው ብቻ ነው?"

"ይኸው ብቻ ነው፣ አባባ።"

"እንግዲያማ አንተ ካነበብከው ለኛ ይበቃናል" አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አሳረፉ። ሌላውም ተከተላቸው። አንዲት ባልቴት ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ላሳደገህ አባት ያቆይህ ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። እስከ ዛሬ ከውሸቱ ይልቅ የሚቀፈኝ ያ አሜን ነው።

አባቴ ለምን ዝም አሉ ትል ይሆናል። ምን እንደዘለልኩ አላወቁም፤ መዝለሌን ብቻ ነው ያወቁት። ወደ ቤት እጃቸውን ይዤ ስመራቸው፣ "የዘለልከው ብዙ ነው?" አሉኝ።

"ምንም አልዘለልኩም" አልኳቸው። እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጄ አወጡና የቀረውን መንገድ በመቋሚያቸው እየዳበሱ ሄዱ።

ተመረጥኩ። መንደሩ ገና ሳይነጋ ተሰልፎ ነው የመረጠኝ። ባሕር ዳር ሌላው እጁን ሲያወጣ አወጣለሁ፣ ሲያወርድ አወርዳለሁ፤ በእረፍት ሰዓት ሐይቁ ዳር ዓሣ እንበላለን። ለሆዱ ያደረ ሲባል ስሰማ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። ሦስቱ ዓመት ሲሞላ ሰዎቹ ከብቶቻቸውን ወደ ሜዳው ቢነዱ ተመለሱ ተባሉ። እኒያ ትልቅ ሽማግሌ ደባርቅ መግባቴን ሰምተው እስከዚያ በእግራቸው መጥተው፣ አንተ ያነበብከው እንዲህ አይልም ነበር አሉኝ። ምን እንዳልኳቸው ታውቃለህ? ማመልከቻ ጽፈው ያስገቡ አልኳቸው። ማን ይጻፍላቸው? አልጠየቁኝም። ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

አባቴ ሲታመሙ ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። አንድ ቄስ አጠገባቸው ተቀምጠው ዳዊት እያነበቡላቸው ነበር። ቄሱ አክብረውኝ ተነሡና መጽሐፉን ሰጡኝ። እኔም ተቀብዬ ገጹን ስፈልግ አባቴ የገባሁት እኔ መሆኔን አወቁ። እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን ነኩኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የሚባል አልነበረም።

"ተወው ልጄ፤ ትደክማለህ። እሳቸው ያንብቡልኝ።"

መጽሐፉን ለቄሱ መለስኩላቸው።