ድርሻዬን የተውኩበት ቀሚስ

አዲስ አቡጀዴ ሲቀደድ ሽታው ዛሬም ደሜን ያፈላዋል።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አባቴ ሲሞት፣ ጎንደር አዲስ ዓለም በሚገኘው ቤታችን ቃዲው ውርሱን ሊያካፍሉ ተቀመጡ። ከእናቴ ድርሻ የተረፈውን ቤት ለወንድሜ ሁለት እጅ፣ ለእኔ አንድ እጅ አሉ። አጎቴ ግን ያን ዕለት ጠዋት ውኃ ያልነካው የአቡጀዴ ቀሚስ አልብሶኝ ነበር።

"በይ፣ ድርሻዬን ለወንድሜ ትቻለሁ በይ" አለኝ።

ስምንት ዓመቴ ነው። በቀሚሱ ደስ ብሎኝ ያለኝን አልኩ።

ቃዲው ተቆጡ። "የልጅ ቃል አይጸናም። ስታድግ ትጠየቅ።"

"እሺ፣ እንጠይቃታለን" አለ አጎቴ።

ቀሚሱ በዓመቱ አጠረኝ። ቤቱን ዛሬ የወንድሜ ልጆች ይኖሩበታል። እኔ ሸብቻለሁ፤ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።