ከበሽሎ ማዶ የመጣችው ሴት

ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ በዚያ ክፉ የድርቅ ዘመን፣ ከስማዳ ተነስቼ ንፋስ መውጫ ዳር ከተተከለው መጠለያ ገባሁ። ባሌን መንገድ ላይ ቀብሬዋለሁ። የቀረችኝ ገና ያልዳኸች ልጄ ብቻ ናት።

ድንኳን የተጋራችኝ ሴት ከበሽሎ ማዶ የመጣች ነበረች። ወንዙን ስትሻገር ደራሽ ውሃ ልጇን ከጀርባዋ ላይ ነጥቆ እንደወሰደባት አብረዋት የመጡት ነገሩን። እሷ ግን አትናገርም፣ አታለቅስም። ባዶ አንቀልባዋን ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች።

መጠለያውን የሚያስተዳድሩት አዛውንት "እጅ ሥራ ሲፈታ ሰውን ሐሳብ ይበላዋል" ብለው የበግ ጠጉር አስመጡልን። እኛ ሴቶቹ እንፈትላለን፣ ወንዶቹ ከፈትሉ ባና፣ ወፍራም የጠጉር ብርድ ልብስ፣ ይሠራሉ፤ ባናው ገበያ ይወጣል። እሷም እንዝርት ያዘች። አፈታተሏ ያስቀና ነበር።

ክረምቱ ዘግይቶ በገባ ሰሞን፣ አንድ ረፋድ ላይ ልጄን አስተኝቼ እህል ልቀበል ወጣሁ። ስመለስ ልጄ የለችም። ሴትዮዋም የለችም፤ አንቀልባውም የለም።

"ከመጠለያው በታች ወዳለው ወንዝ ስትወርድ አይቻታለሁ" አሉኝ አንዲት ባልቴት።

ሮጥሁ። ከአፋፉ ላይ ቆማለች፤ ልጄ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። ከሥር የሞላው ውሃ ያጓራል። ልጮህ አፌን ከፍቼ ተውሁት፤ ብትደነግጥስ? ቀስ ብዬ ተጠግቼ መሬቱ ላይ ቁጭ አልሁ።

"እቴ፣ አልደከመሽም? ተቀመጭ" አልኋት።

"ውሃው እስኪጎድል ነው" አለች። ድምጿን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። "ያን ጊዜ ቸኮልሁ። አሁን አልቸኩልም።"

"ደግ አደረግሽ። አብረን እንጠብቅ።"

ተቀመጠች። ልጄ ነቅታ አለቀሰች።

"ርቧታል" ብዬ ጡቴን አወጣሁ። ትክ ብላ አየችኝ፤ አየችኝና አንቀልባውን ፈትታ አቀበለችኝ። ልጄ ስትጠባ እያየች "የኔዋ ጠግባ ነበር" አለች፤ ያን ጊዜ እዬዬ ብላ አለቀሰች። በአንድ እጄ አቀፍኋት። በሌላው ልጄን ጭምቅ አድርጌ ይዣለሁ።

በመጠለያው "ትባረር!" ያሉ ብዙ ነበሩ። አዛውንቱ እኔን ጠየቁኝ።

"አትባረር፤ ግን ሌላ ድንኳን ይስጧት" አልኋቸው።

እንዳልሁትም ሆነ። ቀን ቀን ጎን ለጎን እንፈትላለን። ስለ ልጇ ጥቂት ጥቂት ታወራኝ ጀመር፤ አንዳንዴም ትስቃለች። እኔ ግን ልጄን ከጭኔ አላወርድም።

መኸር ሲደርስ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ባና ሠሪዎች ፈታይ ፈልገው መጡና አብራቸው ሄደች። እዚያው በፈትሏ እንደምትኖር ኋላ ሰማሁ። ስትሰናበተኝ ልጄን ልትስማት እጇን ዘረጋች። ፈራሁ። ቢሆንም ሰጠኋት።