«ዘለለች» ብሎ የጻፈው ማን ነው?

መጽሐፍ ጥረዛ የጀመርኩ ቀን አሠሪዬ ጋሽ ታደሰ መርፌም ሙጫም አላስያዙኝም። አዳማ ገበያ ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቃቸው አንድ አሮጌ መጽሐፍ ዘርግተው፣ ህዳጉ ላይ ስንት ሰው እንደጻፈ ጠየቁኝ። እኔ የተጻፈውን ማንበብ ጀመርኩ። «ምን እንደሚል ተወው፤ እጁ እንዴት እንደሄደ እይ» ብለው ማጉያ መነጽራቸውን ሰጡኝ።

ቀስ በቀስ ዓይኔ ለመደ። ከአቦምሳ ድረስ የአያቶቻቸውን መጽሐፍ ይዘው «የማን እጅ ነው?» የሚሉኝ መጡ። ብዙም ስለማልሳሳት ልቤ ሳያብጥ አልቀረም።

በዚህ መሃል ጫልቱ መጣች። ዱከም ፋብሪካ ትሠራለች። የሟች አባቷን የታሪክ መጽሐፍ እንድጠርዝላት ሰጠችኝ። አባቷ መምህር ነበሩ፤ በስትሮክ ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆኖ፣ አንደበታቸው ተይዞ አራት ዓመት ተኝተዋል። ከሥራ ስትመለስ ይህንኑ መጽሐፍ ታነብላቸው ነበር። ወንድሞቿ «ሰው አይለዩም፤ ለግድግዳ ነው የምታነቢው» ይሏት ነበር።

ህዳጉ ላይ መምህሩ በደህናው ዘመን የጻፉት ያማረ ማስታወሻ አለ። እዚህም እዚያም ደግሞ በእርሳስ የተንጋደደ አንድ ቃል አለ፤ «ዘለለች።» ጫልቱ ይህን የጻፈው ማን እንደሆነ ማወቅ ፈለገች። ሁለቱን ለአፍታ አስተያየሁና የሌላ ሰው እጅ ነው አልኳት። መጽሐፉን ትታልኝ ሄደች።

በማግስቱ ስፌቱን ስፈታ እርሳሱ ወደ ቀኝ ተጎትቶ መደብዘዙን አየሁ። በግራ እጁ የሚጽፍ ሰው የጻፈውን እየተከተለ ያብሰዋል። መምህሩ ደግሞ አራት ነጥባቸውን በክብ መስመር ይከቡ ነበር፤ የተንጋደደው ቃል አራት ነጥብም ተከብቧል። ወዲያው ደወልኩላት።

ስትመጣ ይቅርታ ጠይቄ፣ የአባቷ ግራ እጅ ይሠራ እንደነበር ጠየቅኋት።

«ማንኪያ ይይዙበት ነበር» አለች። «እርሳሱንም ለምልክት መጽሐፉ ውስጥ እተወው ነበር።» ቀጥላም፣ «ጋሼ፣ ሲደክመኝ ገጽ እዘል ነበር። ለማንም ነግሬ አላውቅም» አለችኝ።

ታጥፎ የነበረ አንድ የገጽ ጥግ ገልጬ አሳየኋት። «ዘለለች። ደክሟታል» ይላል።

«ያውቁኝ ነበር» ብላ በርጩማዬ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔም ያን ያህል ዓመት የሰው እጅ ሳይ እንደዚያ ቀን ተደንቄ አላውቅም።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው ይህን ነው፦ ሁለት ዓይነት ጽሕፈት ስታዩ ሁለት ሰው ነው ለማለት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጸሐፊው የትኛው እጁ እንደቀረለት ጠይቁ።