መጀመሪያ መድረክ

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላል ሰው። መምህር አለበል ግን እንግሊዝን ሳያዩ ሠላሳ ዓመት ናፈቁ፤ ያውም ኳሷን ሳይሆን ተዋንያኗን። ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ከተማ እንግሊዝኛ ማስተማር በጀመሩ ሰሞን፣ አብራቸው ታስተምር የነበረች አንዲት እንግሊዛዊት ወደ አገሯ ስትመለስ አሥራ አንድ ስስ መጻሕፍት ትታላቸው ሄደች። በአገሯ ቴአትር ቤት በር ላይ ለተመልካች የሚሸጡ ናቸው። በየመጨረሻቸው የየተዋናዩ ፎቶና አጭር ታሪክ አለ። ታሪኩ ሁልጊዜ በአንድ መልክ የተጻፈ ነው፦ በመድረክ ይህን ይህን ሠርታለች፣ በቴሌቪዥን ይህን ይህን፣ በፊልም ይህን ይህን።

ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፈው ነበር። መምህር አለበል ግን ከአርብ ገበያ ማዶ ካለ ደብር ደበሎ ለብሰው፣ ቁራሽ ለምነው የተማሩ ናቸው። ንባብ ሳይወጡ ዜማ ቤት፣ ዜማ ሳያጸኑ ቅኔ ቤት እንደማይገባ በኩርኩም ነው የገባቸው። ስለዚህ ያን አጻጻፍ ሲያዩ ምስጢሩ ወዲያው ተገለጠላቸው፣ ወይም የተገለጠላቸው መሰላቸው። መድረክ ንባብ ቤት ነው፤ ቴሌቪዥን ዜማ ቤት፤ ፊልም ቅኔ ቤት። የእንግሊዝ ተዋናይ የሚያድገው እንዲህ ደረጃውን ጠብቆ ነው። የአሥራ አንዱን መጻሕፍት ተዋንያን ታሪክ እንደ ዳዊት በቃላቸው ያዙት። ተማሪዎቻቸውም በዚህ የተነሣ እንደ ሌላው «ቲቸር» ሳይሆን «የኔታ» ይሏቸዋል፤ ሹፈት እንዳለበት ቢያውቁም ደስ ይላቸው ነበር።

ከሁሉ የምትበልጥባቸው ዶሪን ሃስላም የምትባል ሴት ናት። የመድረክ ሥራዋ ዝርዝር ብቻ ዘጠኝ መስመር ይፈጃል። «ዘጠኝ መስመር ሙሉ ቆማ ነው ለቴሌቪዥን የበቃችው» ይሏቸው ነበር በትምህርት ቤቱ የሚመሩትን የድራማ ክበብ ልጆች።

ከክበቡ ልጆች አንዷ ፀደይ ነበረች፤ ከስማዳ፣ ከወገዳ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ። አንድ ጊዜ በጥምቀት ሰሞን ክበቡ በከተማው አዳራሽ ባሳየው ድራማ፣ በድንበር ክስ ሲመላለስ ያረጀ ገበሬ ሆና ወጣች። ጺም አላስለጠፈችም፤ በአቋቋሟ ብቻ አረጀች። አዳራሹ መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ጸጥ አለ። የእውነት ባለጉዳይ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ከመሀል ተነሥተው፣ ዳኛ ሆኖ የሚጫወተውን ልጅ ፈጣሪን የማትፈራ ብለው ሰደቡት። መምህር አለበል አለቀሱ።

እሱባለው የሚባል የቴሌቪዥን ድራማ አዘጋጅ ለዘመድ ሠርግ ከባሕር ዳር መጥቶ ኖሮ ልጅቷን አያት። በማግስቱ አስጠርቶ ስልክ ቁጥሩን ሰጣት። አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ድራማ ሊጀምሩ ነው፣ ለእሷ የሚሆን ቦታ አለ፣ በሳምንት ውስጥ ባሕር ዳር ትምጣ። ፀደይ ለእናቷ እንኳ ሳትነግር እየሮጠች መምህሯ ቤት ሄደች።

«የኔታ፣ ምን ይሉኛል?»

መጻሕፍቱን ከሣጥን አወጡና ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ አስነበቧት። «አየሽ፣ መጀመሪያ መድረክ። አንቺ ገና ፊደል መቁጠርሽ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን። ሦስት አራት ዓመት እዚሁ ቁሚ፤ ቴሌቪዥኑ የትም አይሄድም።»

ፀደይ ጉልበታቸውን ስማ ወጣች። ለእሱባለውም ደውላ «የኔታ ገና ነሽ ብለውኛል» አለችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የጋይንት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጦርነት መጣ። አዳራሹን ተፈናቃይ ሞላው፤ መድረኩም ተፈልጦ ማገዶ ሆነ። ብርድ ነበርና ማንም አይወቀስበትም። ያ አለፈ ሲባል ሌላው ተተካና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። የፀደይ አባት ልጄ እጇን አጣጥፋ ከምትውል ብለው ባዩ ለሚባል ጭምት ገበሬ ዳሯት። መምህር አለበል ይህን ገበያ ላይ ከሰው አፍ ሰሙ። አዘኑ፤ ግን ልጅ ናት፣ ደረጃውንም ጀምራዋለች እያሉ ራሳቸውን አጽናኑ።

ዘንድሮ በጦርነቱ ተዘግቶ የነበረው ኢንተርኔት ሲለቀቅ አዲስ በገዙት ስልካቸው መጀመሪያ የፈለጉት የዶሪን ሃስላምን ስም ነው። ሞታለች። የሕይወት ታሪኳ ግን በየዓመተ ምሕረቱ ተጽፎ አገኙት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ጫማ ከምትሸጥበት ሱቅ ወስደው ፊልም አሠሯት። ከዚያ ቴሌቪዥን ገባች። መድረክ የረገጠችው በሠላሳ ስድስት ዓመቷ፣ የፊልሙ ሥራ ሲቀዘቅዝባት ነው። ደንግጠው ሌሎቹን ፈለጉ። አንዱ በልጅነቱ በቴሌቪዥን የሳሙና ማስታወቂያ ጀመረ፤ አንዷ ከመድረክ ወደ ፊልም፣ ከፊልም ወደ መድረክ ስትመላለስ ኖረች። መድረክ ከላይ፣ ፊልም ከታች መጻፉ የአሳታሚዎቹ ልማድ ብቻ ነበር። እንግሊዝ አገርም የተጠራ ይሄዳል፣ ያልተጠራ ይቀራል፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች የተባለው ለእኔ ነው አሉ መምህር አለበል። ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። አፍረው ብቻ አይደለም፤ የሰው ልጅ ዕድል በእጃቸው እንደ ጠፋ ገብቷቸው ነው።

በአራተኛው ቀን ወገዳ ወረዱ። መንገዱ እንኳን ሽማግሌ ጎልማሳም ያደቅቃል። ፀደይን ልጅ አዝላ ደጃፏ ላይ ገብስ ስታበጥር አገኟት። እንደ ድሮው ጉልበታቸውን ሳመች፤ በርጩማ አወጣችላቸው። ያመጣቸውን ነገር ሳይጀምሩ እሷው ቀደመች።

«ያ የቴሌቪዥኑ ሰውዬ እኮ አምና ደግሞ ደውሎልኝ ነበር፣ የኔታ። ባዩም ሂጂ፣ ልጁን እናቴ ትይዘዋለች አለኝ። እኔ ግን ሰውዬውን ገና መድረኬን አልጨረስሁም አልሁት። ሁለት ዓመት ብቻ አይደል የቆምሁት? አዳራሹ ሲሠራ ተመልሼ አራት ዓመቱን እሞላዋለሁ ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም።»

መምህር አለበል በርጩማው ላይ ኩምሽሽ አሉ። ዝም ብሎ መመለስም ነበር፤ አልሆነላቸውም። ስለ ዶሪን ሃስላም፣ ስለ ጫማው ሱቅ፣ ስለ ሳሙናው ማስታወቂያ አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት። «ደረጃ የሚባል ነገር ኖሮም አያውቅ። እኔ ነኝ የያዝሁሽ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ፀደይ ሰፌዱን አንሥታ ገብሱን ማበጠር ቀጠለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይቀላቸው ነበር።

«ተራዬን እየጠበቅሁ ነው እያልሁ ነበር የምነሣው፣ የኔታ» አለች ኋላ። «ወፍጮ ስሄድም፣ ውኃ ስቀዳም እንደዚያ ነበር የምለው። ምነው ባይነግሩኝ? አሁን ምን እያልሁ ልነሣ?»

ልጁ ጀርባዋ ላይ ማልቀስ ጀመረ፤ ፀደይም እሹሩሩ እያለች ወደ ቤት ገባች።