ለተቀበረው ወንድሜ ያጠጡልኝ ሾርባ

ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ማላኪ ከተማ በዚያ ሰዓት ለሰላምታ የሚመጣ የለም። በቀዳዳው ሳይ የሰፈራችን ሽማግሌ አባ ይርጋ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ደረጃውን ሞልተውታል። ካልከፈትኩ ወሬው ውጭ የሚቀር መስሎኝ ቁልፉን ጨብጬ ቆምኩ።

«ክፈቺ ልጄ» አሉ አባ ይርጋ።

«ማን ነው? ይንገሩኝና እከፍታለሁ።»

«መርዶ በር ላይ አይነገርም።»

ታላቅ ወንድሜ ማሩ ነበር። ያቭነ ከተማ ከሚሠራበት የብረታ ብረት መሥሪያ ሳይመለስ ከቀረ ሦስት ቀን አልፎታል። ጌዴራ፣ ከቤቱ አጠገብ ቀብረውታል። ከእኔ ቤት ጌዴራ ድረስ የያዙት ወጥ እንኳ ሳይበርድ ይደረሳል።

የደበቁኝ ስለ ልቤ ነው፤ ኦፕራሲዮን ከሆንኩ ገና ወር አልሞላኝም። በእኛ ወግ በታመመ ሰው ላይ መርዶ አይወረወርም። ልጄን «አጎትህ ምነው ድምፁ ጠፋ?» ስለው፣ «አሞት ቤት ሖሊም፣ ሆስፒታል ገብቷል፤ ቤሰደር፣ ደህና ነው ኢማ፣ ሾርባ ጠጣ» ይለኛል። በማግስቱም፣ «ዛሬም ሾርባ ጠጣ።» ለተቀበረ ሰው ሦስት ቀን ሾርባ ሲያጠጡልኝ ከረሙ። እኔም «ተመስገን» እያልኩ ጸለይኩ።

ማሩ ቀጥቃጭ ነበር። አገራችን ሳለን ገበሬው ጠዋት ማረሻ ሊያስመታ ይለማመጠዋል፣ ማታ «ቡዳ» ይለዋል። እሱ ይስቃል፦ «ቡዳው ባይኖር በጥርሳችሁ ታርሱ ነበር!»

ከጎንደር የወጣን ለት መዶሻውን በእናታችን ጋቢ ጠቅልሎ ያዘ። የእሷ ስም ወደ እስራኤል ከሚሄዱት ዝርዝር ቀርቶ ነበር። «ቀጥለው ይጠሩኛል፣ ሂዱ» ብላ ሸኘችን። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ፈታሹ ጋቢውን ፈታው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«መዶሻ።»

«እስራኤል መዶሻ የለም?»

«አለ። እጄን አያውቀውም እንጂ።»

ያቭነ ሥራ ሲጠይቅ አለቃው የምስክር ወረቀት አምጣ አለው። «ተዑዳ አለህ?»

«የደንቢያ ገበሬ በእኔ ማረሻ ነው የሚያርስ።»

«የደንቢያ ገበሬ እዚህ አይፈርምልህም።»

ማሩ የተደረደረውን ብረት በመዶሻው እየነካ አዳመጠ፤ አንዱን ለየ። «ይሄ ውስጡ ተሰንጥቋል።» ሲቆርጡት እውነትም ስንጥቅ ነው። «ያላ፣ በል ነገ ና» አለው አለቃው።

ዓርብ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ልጆቹን ያጥባል፣ ለሚስቱ ለየሺ ሽንኩርት ይልጣል። የሰፈሩ ወንዶች «ማሩ፣ ቀሚስ እናምጣልህ?» ሲሉት፣ «አምጡ፣ ሱሪዬ ሽንኩርት ሸተተ» ይላል። ሐኪም ደረጃ ተጠንቀቂ ሲለኝ ለመግቢያዬ የብረት መደገፊያ ሠርቶ መጣ። የሕንፃው ኮሚቴ ሰውዬ ሮጦ ወረደ፦ «ኢሹር አለህ? ማን ፈቀደልህ?»

«እህቴ ስትወድቅ ኢሹር ትጠይቃለች?» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። መደገፊያው ዛሬም አለ። እይዘዋለሁ፣ ይቀዘቅዘኛል።

አሁን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። እናቴ ጎንደር ሆና እስከ ዛሬ ትጠብቃለች፤ በየዓርቡ ትደውላለች። ባለፈው ስልኩ ሲጮኽ አነሳሁት።

«ኧረ ልጄ፣ ማሩ ምነው ረሳኝ?»

አፌ ቀደመኝ። «አሞት ነበር እማዬ። ደህና ነው፣ ሾርባ ጠጣ።»

«የምን ሾርባ?»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ጎንደር ያሉት ሽማግሌዎች መርዶውን ሊነግሯት የእኔን ቃል ይጠብቃሉ። እሷ እንደሁ ሁሉን ትጠይቃለች፦ እንዴት ወደቀ? ራሱን ማን ደገፈው? ስሜን ጠራ ወይ? እኔ ምንም አላውቅም፤ የሺም እንደ እኔው የነገሯትን ብቻ ነው የምታውቅ። አንዱ ልቡ ቆመ ይለኛል፣ ሌላው ከመሰላል ወደቀ ይለኛል፣ ሦስተኛው «አይዞሽ» ብሎ ዞር ይላል።

ያቭነ አብራችሁት የነበራችሁ፣ ጌዴራም መቃብር ያወረዳችሁት ወገኖቼ፣ ስለ እስራኤል አምላክ እለምናችኋለሁ። ዓይኑን የማን እጅ ከደነው? አፈር ሲገባ ማን አለቀሰለት? በመጨረሻስ ምን አለ? ለልቤ አትዘኑለት፣ እውነቱን ንገሩኝ። ዓርብ ሳይደርስ ንገሩኝ። እናቴ ትደውላለች፣ እኔም ደግሜ ሾርባ ላጠጣው ነው።