ውሃ ያሰላል ያለችው ልጅ

የልጅ ልጄ ጓደኞቿ ፊት «ይህ ስሌት አይደለም፣ የቀለም ጨዋታ ነው» ተብላለች። በደል ነው። ተጽፎ ይቀመጥ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ኪቶ ፉርዲሳ ኬሚስትሪ ትማራለች። የመመረቂያ ሥራዋ ፈሳሾችን ስሌት ማሠራት ነው፤ በማሽን ሳይሆን እርስ በርሳቸው ሲዋሃዱ። እኔ አያቷ፣ አኮ የምትለኝ፣ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ስለሆንኩ በሲኒ አሳየችኝ።

«አኮ፣ ይኼ ጎምዛዛው ነው፣ ይኼ ተቃራኒው። ሲገናኙ ጠብታ በጠብታ ይጠፋፋሉ። ከዚህ አምስት፣ ከዚያ ሦስት ባደርግ ምን ይተርፋል?»

«ሁለት ጎምዛዛ።»

«በቃ፣ ቀነሰ! የተረፈውን ለሌላ ፈሳሽ ስሰጠው ደግሞ ስሌቱ ይቀጥላል።»

ጎምዛዛው ከተረፈ ቀይ፣ ተቃራኒው ከተረፈ ሰማያዊ የሚሆን ቀለም ጨምራበታለች። በዚያ ሲኒ ዳግመኛ ቡና አልጠጣሁም።

ሥራዋን ባቀረበችበት ቀን ግን ቀይ መሆን የነበረበት ሰማያዊ ሆነ። ተሳቀባት። መምህሩም ያንን «የቀለም ጨዋታ ነው» የሚለውን ተናግሮ ርዕስ ቀይሪ አላት።

ቤት ገብታ ነገረችኝ። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። የተሰጣውን ቡና ላገላብጥ ወጣሁ፤ ሳልነካው ተመለስኩ። ሻሼን አሰርኩ፣ ፈታሁ። እሷ ለልምምድ ወደ ቤት ታመላልሳቸው የነበሩትን ጠርሙሶች ለመመለስ ማጠብ ጀመረች፤ እንደ ቤታችን ልማድ፣ በአመድ። አንዱን አጥባ አስቀመጠች። ሁለተኛው ላይ እጇ ቆመ። ጣቶቿን አፋተገች።

«አኮ፣ ያንሸራትታል። አመድ እኮ የጎምዛዛው ተቃራኒ ነው! ያን ቀንም እንዲሁ አጥቤ፣ በደንብ ሳላለቀልቅ ነው የወሰድኩት።»

«ጠርሙሱን እንዳለ ያዢው፤ ተነሺ።»

ባጃጅ ውስጥ እግሬ አላርፍ አለ።

«እማማ፣ ወለሉን ሊበሱት ነው እንዴ?» አለ ሾፌሩ።

«አንተ ንዳ!»

ደርሰን ትድገመው ስለው መምህሩ «ጊዜው አልፏል እማማ፣ ደንብ አለ» አለኝ።

«ደንብማ አለ። ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም። ማሎ፣ እባክህ፣ ከራስህ ጠርሙስ ስጣት።»

ወንበር አመጡልኝ፤ አልተቀመጥኩም። በሩ ላይ ቆምኩ። እንደማልሄድ ሲያውቅ ንጹሕ ጠርሙስ ሰጣት። አምስት ጠብታ፣ ሦስት ጠብታ። ቀይ። ከዚያ ያንኑ፣ አመድ በነካው ጠርሙስ። ሰማያዊ።

መምህሩ ሁለቱን ወደ መስኮቱ አንስቶ አያቸው።

«እሺ፣ ያን ቀን ውሃው ተሳስቶ ነበር?» አልኩት።

«አልተሳሳተም እማማ። አመዱንም ቆጥሮት ነው።»

«ታዲያ ያሰላል ማለት ነው። ለእኔ ምን ያደርግልኛል፣ ለሳቁባት ንገራቸው እንጂ።»

ልጅቷ በኀፍረት ቀሚሴን ጎተተችኝ። ወላሂ፣ ንቅንቅ አላልኩም። መምህሩ ጠርሙሶቹን አስቀመጠ።

«ርዕሷን አትቀይርም። ሰኞ እዚያው ክፍል ትደግመዋለች፤ እሷ ከመጀመሯ በፊት የተሳሳትኩት እኔ መሆኔን እናገራለሁ።»